እሜቴ ጽልመት እሳት የተከለከለች ዕለት

ሰኞ፣ የካቲት 3

«ልጁ ይሙት» አለች ሀያት።

«አይሞትም» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። እኔ ከአስተማሪ ጋር የምከራከር ሰው አልነበርኩም።

የተጣላነው ስለሌለ ልጅ ነው። በሌለ ከተማ፣ በሌለ ዓለም። ሰው ቢሰማን ሁለቱንም ጠበል ውሰዷቸው ይል ነበር።

ሲጻፍ ይጠራልኛልና ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሀያት የፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ ከአዲስ አበባ ተመድባ መካነ ሰላም የመጣች። በጆሮ ብቻ የሚሰማ ድራማ ትጽፋለች። ስሙ «ኬላ ሰባት» ነው። ከፀሐይ በጣም የራቀ ዓለም ላይ፣ ከመሬት በታች የሚኖሩ ሰዎች አሉ። አንድ ትልቅ መብራት አላቸው፤ ፀሐያቸው እሱ ነው። እሜቴ ጽልመት የምትባል ክፉ ሴት መብራቱን አጠፋችባቸው።

እሜቴ ጽልመት እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ልዋስ ሄጄ ነው የተያዝኩት። «እትዬ ዘነቡ፣ ድምፅዎ ያስፈራል» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ዝም ያልኩበት ነው፣ ዝጎ ይሆናል አልኳት። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ አፌን ባዶ እንስራ ላይ ደፍቼ እናገራለሁ። ከሌላ ዓለም የመጣ ድምፅ ይሆናል። ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ አስራ አንድ ክፍል ተሰምቷል። ገበያ ስወጣ ልጆች «እሜቴ ጽልመት መጣች!» ብለው ይበረግጋሉ። ደስ ይለኛል። ለማን እዋሻለሁ?

አስራ ሁለተኛው ክፍል ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነው፤ ይህች ሴት ለምን ከፋች? ሀያት መጀመሪያ «ከማኅፀን ጀምሮ ልቧ ጨለማ ነበር» ብላ ጽፋ ነበር። ያስቀየርኳት እኔ ነኝ። «እሳት ጠየቀች፣ ጎረቤት ከለከላት» አልኩ። እንዴት ወደደችው! በዚያ ዓለም እሳት የለም፤ ከቤት ወደ ቤት የሚዋዋሱት የሚሞቅ ድንጋይ አላቸው፣ ፍም ይሉታል። ቁጭ ብላ ጻፈችው። ከየት አመጡት ብላ ጠየቀችኝ። ከሰው ሰማሁ አልኩ።

ዋሸሁ።

ቅዳሜ ይቀረጻል። በጽሑፉ ላይ የሴትየዋ ልጅ በብርድ ይሞታል። እስከ አርብ ሌላ መጨረሻ ካላመጣሁ ይሞታል።

ዛሬ ጾመ ነነዌ ገባ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የሺ። ይኸው፣ ስሟን ጻፍኩት።

አጥራችን አንድ ነበር። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ የቀረ፣ የአንድ ዓመት ልጅ የታቀፈች። ሁለታችንም ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ቢሆነን ነው። ሳቋ እስከ መንገድ ይሰማል።

የሰፈሩ ቅሬ አንድ ቀብር ብትቀሪ ይመክርሻል፣ ሁለት ብትቀሪ ይጠራሻል። (ሀያት «እድር ማለት ነው?» ብላኝ ነበር። እድር ነው፤ ግን ጥርስ አለው።) የሺ ሁለት ቀረች። ተጠራች። ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ጠይቂ ተባለች። «ልጄ ትኩሳት ይዞት ነበር። ለታመመ ልጅ ድንጋይ አልሸከምም» አለች። አስወጧት። የወጣ ሰው እስኪታረቅ ድረስ እሳት አይጫርለትም፣ ውሃ አይቀዳለትም፣ እንዴት ዋልክ አይባልም።

ልጁ መታመሙን አውቅ ነበር። ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ስብሰባው ላይ ግን ሴቶች ከኋላ ነው የምንቀመጠው። ባሌ ፊት ተቀምጦ ይጽፋል፤ የቅሬው ጸሐፊ ነበር። ዝም አልኩ።

ነሐሴ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ ሲጥል ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። «ዘነቡ፣ ፍም ብቻ። ልጁ በርዶታል።»

ክብሪት አትገዛም ነበር ወይ የሚል ይኖራል። ባለሱቁም የቅሬው ሰው ነው።

ያደረግኩት ይህ ነው፦
አልከፈትኩም።
አልመለስኩም።
ጭሱ እንዳያሳብቅብኝ ፍሙን በአመድ ደፈንኩት።

ሦስተኛውን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ቤቷ ወና ነው። ደጃፌ ላይ ፍሙን ልትወስድበት ያመጣችው ገል ተቀምጧል፤ የተሰበረ ጋን ቁራጭ። ቶሎ አነሳሁት፣ ሰው ሳያይ። እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ወግዲ ከተማ ገባች ሲሉ ሰምቻለሁ። ጌሾና ብቅል ትሸጣለች አሉ። ስለ ልጁ ማንም አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ካልጠየቅኩ አልሞተም ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህ ኖርኩ።

ታዲያ እንዴት ብዬ በወረቀት ላይ ልግደለው?

ሳጥኑ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ የባሌ መዝገብ። እሱ ከሞተ በኋላ ነው ፊደል የቆጠርኩት፣ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ፣ ከጎረቤት ልጆች አሮጌ ደብተር፣ ብቻዬን። ሰፈሩ አያውቅም፤ ድራማውንም በቃሌ የምይዘው ይመስለዋል። ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ያ መዝገብ ነው። «እሳትም ውሃም እንዳይሰጣት ተወስኗል።» የእጁ ጽሑፍ እንዴት ያምራል! አንድ ስርዝ የለውም።


ረቡዕ፣ የካቲት 5

አባ ይመር መጡ። የቅሬው ዳኛ ናቸው። ምራታቸው ብርቄ በድራማው ውስጥ የከንቲባዋን ድምፅ ትሠራለች፤ ነገሩ በዚያ ነው የሾለከው።

«ኸይር ነሽ፣ ዘነበች?»

«ኸይር። አንቱ እንዴት ሰነበቱ?»

«ምን ሰላም አለ! ብርቄ ወጡን ጥዳ 'እሳት የነፈጋችሁ፣ ፀሐይ ትንፈጋችሁ' እያለች ትጮሃለች። ሽሮው አረረ።»

«ጨዋታ ነው፣ አባ።»

ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ። «እኔ ያን ቀን ነበርኩ። የማን ታሪክ እንደሆነ ይጠፋኛል? ቅሬ ቀባሪ ነው እንጂ ገዳይ አይደለም። ስንቱን ድሀ ያለ ዘመድ አፈር አልብሰናል። ይህን አውጪና ሌላውን ተጫወቱ።»

እውነታቸውን ነው። ባሌን የቀበሩት እነሱ ናቸው። በዝናብ፣ ጭቃ ለጭቃ፣ አንድ ሰው ሳይቀር። ይህን አልረሳሁም።

«አላወጣውም» አልኩ።

«ባልሽ ከመቃብር ሆኖ ምን ይልሻል?»

«እሱ ጽፎ ጨርሷል፣ አባ። አሁን ተራው የኔ ነው።»

ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ከዚያ ቀስ ብለው፦ «ከወጣ እሑድ ቅሬው ይነጋገርብሻል። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። ማን ይቀብርሻል?»

«ስሸታችሁ ትቀብሩኛላችሁ» አልኩ።

ከንፈራቸው ሊስቅ ነበር፣ በእጃቸው ያዙት። «ምላስ አወጣሽ» አሉ።

«እንስራው ነው ያወጣልኝ።»

ከሄዱ በኋላ ያው ድንጋይ ላይ እኔም ተቀመጥኩ። መቀለዱ ቀላል ነው። እዚህ አገር ብቻዋን ለኖረች ሴት ቀብሯ ትልቁ ሀብቷ ነው። እሱን ነው አውጥቼ ያስቀመጥኩት።

ዮናስ ሸሽቶ ዓሣ ሆድ ውስጥ የቆየው ሦስት ቀን ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት። ነገ ወግዲ እሄዳለሁ።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ወግዲ ደርሼ ተመለስኩ። ሚኒባሱ አንድ ጉድጓድ አልዘለለም።

የሺን ለማግኘት አንድ ሰው መጠየቅ በቃኝ። ጌሾ ፊቷ ከምራ፣ ሸማ ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ ተቀምጣለች። ወፍራለች። ሳቋ ግን ሳላያት ቀድሞ ተሰማኝ።

ፊቷ ቆምኩ። ስንት ይሆናል ጌሾው አልኩ፤ ፈሪ ነኝ።

ቀና አለች። ብዙ አየችኝ። «ዘነቡ» አለች። «አርጅተሻል።»

«አንቺም።»

«እኔስ በልቼ ነው ያረጀሁት።»

አጠገቧ አንድ ኬሻ ነበር፣ በእግሯ ገፋችልኝ፣ ተቀመጥኩ። ስለምን እንደመጣሁ ነገርኳት፤ ስለ ድራማው፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ እሑዱ ቅሬ። በአንድ ትንፋሽ። እስክጨርስ ጌሾዋን ታገላብጣለች።

«እሜቴ ጽልመት አንቺ ነሽ?» ሳቀች። «የልጅ ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚሰሙሽ! እኔም ሰምቻለሁ። ድምፅሽን አለየሁትም። እንዴት ልለየው? እኔ የማውቀው ከበር ኋላ ዝም ስትዪ ነው።»

 ቆይቶ፣ የልጅ ልጆች ማለቷ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«ልጁ ...» አልኩ። 

«የቱ ልጅ?»

«ያ ልጅ።»

በአገጯ ወደ መንገዱ ማዶ አመለከተች። አንድ ሰውዬ ተንበርክኮ የባጃጅ ጎማ ይለጥፋል። «ምን ልጅ ትይዋለሽ፣ ተመልጧል እኮ!»

አለቀስኩ። ገበያ መሃል፣ እንደ ሕፃን። የሺ አላባበለችኝም።

«ያን ሌሊት አህያዬ ሆድ ሥር አስተኝቼው ነው ያደረው» አለች ኋላ። «አህያ ቅሬ የላትም።»

ይቅርታ ልጠይቅ ስነሳ እጄን ያዘች። «ተይው፣ አስቀምጪው። እኔ የለመንኩሽ አንድ ጊዜ ነው፤ አልደገምኩም። ታውቂያለሽ ለምን? አመድ ፍም ላይ ሲደፋ እፍፍ ይላል። ሰማሁት። እሳት ነበረሽ።»

ሠላሳ ዓመት የደበቅኩትን እሷ ሠላሳ ዓመት ታውቀዋለች።

«ድራማሽን ሥሪ» አለች። «ስሜን አትጥሪ። ደግሞ እኔን ሆነሽ እንዳታለቅሺ። እኔ አላለቀስኩም። ራስሽን ሁኚ፣ እሱ ይበቃሻል።» ተነስቼ ስሄድ ጠራችኝ። «ዘነቡ! ገሌን መልሺልኝ።»


አርብ፣ የካቲት 7

ለሀያት ሁሉንም ነገርኳት። ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ በተሰበሩ ወንበሮች መሃል። መነጽሯን አውልቃ ያዘች። ወቀሳ ጠብቄ ነበር።

«ልጁ ከዳነ ግን» አለች፣ «ሴትዮዋ ለምን ትከፋለች? ምን አጣች? ሰሚው አይቀበለውም።»

«አንቺ ገል ይዘሽ የሰው ደጅ ቆመሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ሬሳ አትፈልጊ። ገሉ ይበቃል።»

ክፉ አትሁን አላልኩም። መብራቱን ታጥፋ፤ አስራ አንድ ክፍል ሙሉ አጥፍቻለሁ፣ አልጸጸትም። ግን ጨለማውን ማን እንዳስተማራት ይሰማ። የኬላ ሰባት ሰዎች እየተንቀጠቀጡ «እኛ ምን አደረግን?» ሲሉ የሚመልስላቸው ይኑር።

ደግሞ ሌላ ነገር አልኳት፤ እሜቴ ጽልመትን አልሠራም፣ ለዚህ ክፍል። ያኔ ወጣት ናት፤ አንቺ ሥሪያት። እኔ ከበሩ ኋላ ያለችውን እሆናለሁ።

ሀያት የልጁን ሞት ሰርዛ ወረቀቱን ገለጠች። «እሷ እኮ የምትናገረው የላትም።»

«አውቃለሁ።»


ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ተቀረጸ!

በሩና መስኮቱ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቀልን። መብራት ሁለቴ ሄደ፣ በባትሪ ቀጠልን። የነፋሱ ድምፅ የተነፋ ጠርሙስ ነው፣ የከተማው የብረት በር የጋን ክዳን። ብርቄ በከንቲባዋ ድምፅ አዋጁን አነበበች፦ «ለዚህች ሴት ፍም እንዳይሰጣት ተወስኗል።» ቃሉን ከባሌ መዝገብ ነው የሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ «እትዬ ዘነቡ፣ ይሄ ነገር ያቃጥላል» አለች። አማቷ እኔ ቤት መምጣታቸውን ታውቃለች። ግን መጣች።

ከዚያ የኔ ተራ። ከሰል አቀጣጥዬ ነበር፣ አመድ በቁና። ሀያት ከበሩ ውጭ ቆማ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀች፣ ሳታለቅስ፣ የሺ እንዳለችው። የሚቀርጸውን ስልክ ወደ ምድጃው አስጠጋሁ። ትንፋሼን ያዝኩ። አመዱን ደፋሁት።

እፍፍ።

 ሊቆርጡት ነበር፣ እጄን አነሳሁ፣ ተዉት አልኩ። በወረቀቱ ላይ ያልነበረ ነገር ተናገርኩ፤ እንስራ የለ፣ ምን የለ፣ በራሴ ድምፅ፦ «ነበርኩ። ውስጥ ነበርኩ። እሳትም ነበረኝ።»

ሀያት ቆርጣ አላወጣችውም።


እሑድ፣ የካቲት 9

ጠዋት ክፍሉ ተለቀቀ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ የሚሰሙት ነበሩ፤ ሳልፍ ድምፁን ቀነሱ። እንዴት አደርሽ ያለችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ እሷም ማዶ ነበረች።

ቅሬው እንደ ወትሮው ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ክርስቲያኑም እስላሙም። አባ ይመር ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ክፍሉን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ሁሉም ጠበቃቸው። ሲጨርሱ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ዘነበች፣ የምትይው አለሽ?»

ከኋላ ተነሳሁ። እዚያው አልቆምኩም፣ ወደ ፊት ሄድኩ። መዝገቡን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁት።

«ሚስቱ ይዛው ነበር እንዴ?» አለ አንዱ። «ጥሩ፣ ጸሐፊው ያንብብልን።»

«እኔ አነባለሁ።»

ሳቁ። አነበብኩ። በሁለተኛው መስመር ሳቁ ቆመ። የነማን ስም እንዳለ፣ ማን ምን እንዳለ፣ «እሳትም ውሃም» እስከሚለው ድረስ። አንድ ቃል አልተሰናከልኩም። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ኃጢአቴን እያነበብኩ እንኳ።

«ማን አስተማረሽ?» አሉ አባ ይመር።

«ይሄው መዝገብ።» ከዚያ ያን ቀን ልለው የሚገባኝን አልኩ። «ልጁ ታሞ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄ ይዣለሁ። ያኔ መመስከር ነበረብኝ፣ ፈራሁ። ዛሬ እመሰክራለሁ። ይጻፍልኝ።»

ጸሐፊው አባ ይመርን አየ። አባ ይመር መሬቱን። አንድ ሽማግሌ «የሞተ ነገር ምን ያስቆፍራል?» አሉ። «አልሞተም» አልኩ፣ «ወግዲ ጎማ ይለጥፋል።» አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ፣ ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ቀረ፣ አልጻፈም።

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩት። ጎንበስ ብዬ፣ ከባሌ ቆንጆ ጽሑፍ ሥር፣ በዶሮ ጭረቴ ጻፍኩ፦ «ልጁ ታሞ ነበር። ምስክር፣ ዘነበች።» አንዱ ፊደል ተጣሟል። ማንም አልከለከለኝም።

አባ ይመር መዝገቡን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ዘጉት፤ ብብታቸው ሥር አደረጉት። «ያንቺን ነገር በሚመጣው እሑድ እናያለን» አሉ። ከዚያ ፋቲሓ ተደረገ፣ አባታችን ሆይ ተባለ፣ ተበተነ።


ሰኞ፣ የካቲት 10

ቦኖ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ። ሴቶቹ ወሬ አቆሙ። ተራዬን ጠበቅኩ፣ ቀዳሁ፣ ተመለስኩ። ጄሪካኑን የሚያሸክመኝ አልነበረም። በሽታ የያዘኝ ይመስል።

የሚያስፈራኝን ልጻፍ፦ እሑድ። ብቻዬን መታመም። ያን ዋርካ ሥር የተቀመጡትን ሰዎች መጥላት። የመጨረሻውን አልፈልግም፤ እሜቴ ጽልመት በእንስራ ውስጥ ትቅር።

የማያስፈራኝ፦ ሳጥኑን መክፈት።

ገሉን አጥቤ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ሐሙስ ወግዲ እወስደዋለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ እንዳይሰበር እቅፍ አድርጌ ነው የምይዘው። የሺ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ምናልባት ጌሾ ትሸጥልኛለች።

ከቀትር በኋላ በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ ከሰል አያያዝኩ። ጭሱ እስከ መንገድ ወጣ፤ አልደፈንኩትም። ይየው ያየ።

ጥላ ደጃፉ ላይ ወደቀ። ብርቄ ናት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች፣ በእጇ ባዶ የከሰል ምድጃ አንጠልጥላለች።

«እትዬ ዘነቡ፣ ፍም ይኖርዎታል?»

እነሱ ቤት ክብሪት ሞልቷል። የኤሌክትሪክ ምድጃም አላቸው። አባ ይመር ሊፈትኑኝ ልከዋት ይሁን፣ ደብቃቸው መጥታ ይሁን፣ አልጠየቅኳትም።

ትልቅ ትልቁን መርጬ፣ ምድጃዋን ሞላሁላት።